ቡናችንን የምናፈላበትን ወንዝ ለማን ተውነው?

ከወንዙ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን አክስቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። አፍንጫዬ በፀሐይ ተልጧል፤ መዳፌ በመቅዘፊያ ውሃ ቋጥሯል፤ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አንቺ ልጅ፣ ምን ጎድሎብሽ ነው?" አለች። መልሱንም ራሷ ሰጠችው፦ "ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው። ሰው ከበረሃ ሸሽቶ ይመጣል፣ አንቺ ከፍለሽ በረሃ ትገቢያለሽ!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ አነጋገሯ ያስቃል።

ግን ዓይኔ ጀበናው ላይ ነበር። የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ይህች ከተማ ከምትጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙ ግራንድ ካንየንን ሰንጥቆ ይወርድና ሌክ ሚድ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ቤታችን ይመጣል። አክስቴ "የፈረንጅ" ባለችው ወንዝ ላይ እኔ የቆየሁት 16 ቀን ነው። እሷ ግን 22 ዓመት ሙሉ ቡና አፍልታበታለች፣ ሽሮ ሠርታበታለች፣ ልጆቿን አጥባበታለች። ከሁለታችን ለወንዙ የምትቀርበው ማን ናት?

አክስቴን አልተከራከርኳትም። ቡናዋን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። የኔ ጠብ በእኩዮቼ መካከል ከሚዞሩ ሁለት ወሬዎች ጋር ነው። አንደኛው ስልካችሁ ላይ የምታዩት የጀግና ቪዲዮ ነው፦ ጀልባ፣ አረፋ፣ ጩኸት፣ ከበሮ። ሁለተኛው "ይሄ የኛ ነገር አይደለም" የሚለው የራሳችን ተረብ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። ስሟቸው እስቲ፤ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ወንዙ ልዩ ለሆኑ ሰዎች ነው። ቪዲዮው "እኔ ልዩ ነኝ" ይላል፤ ተረቡ ደግሞ "እነሱ ልዩ ናቸው" ይላል። ይህ ውሸት ነው። ውሸት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ የአክስቴን ልጅ ሊገድልብኝ ነበር። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

*

ነገሩ የጀመረው በሌሊት ፈረቃ ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ ስልኳን እያየች ድንገት ጮኸች። ዕጣ ወጥቶላት ነበር።

ግራንድ ካንየንን በጀልባ ለመውረድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለድርጅት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ መሄድ ነው፤ አስጎብኚው ይቀዝፋል፣ ያበስላል፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ። ሁለተኛው የግል ጉዞ ይባላል። አስጎብኚ የለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሲሆን የሚሰጠውም በዕጣ ነው። ዋናው ዕጣ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ይወጣል። ዕጣ የደረሰው ሰው እስከ 16 ሰው ይዞ መሄድ ይችላል፤ ከመካከላቸው ግን ወንዝ ላይ ጀልባ የመቅዘፍ ልምድ ያለው ሰው መኖር አለበት። ከ2006 በፊት ወረፋ ነበር፤ ስሙን አስመዝግቦ ከ10 ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ሞልቷል። አሁን ያለው ዕጣ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ በቅርብ ዓመታት ወንዙ ላይ ያልሄደ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ከሄደው ሰው የበለጠ የማሸነፍ ዕድል ይሰጠዋል።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ድገሟት። ሕጉ ለአዲስ ሰው ያደላል። ለእኔ፣ ለእናንተ፣ ሾፌር ለሆነው አጎታችሁ። ታዲያ የት አለን?

መልሱን ያገኘሁት በዚያው ሌሊት ነው። ነርሷ "ትመጫለሽ?" አለችኝ። "ዋና ብዙ አልችልም" አልኳት። "ማንም እየዋኘ አይሄድም፣ ጃኬት አለ። ሳህን ታጥቢያለሽ?" አለች። "እሱንማ አሳምሬ!" አልኩ። በቃ፣ ምልመላው ይኼው ነበር። ለ12 ዓመት ከወንዙ አምስት ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ላይ ስኖር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የግል ጉዞ ሰው የሚሰበስበው በወዳጅነት ነው። ወሬው በማን ቋንቋ፣ በማን ቤት እንደሚወራ ይወስነዋል። በእኛ ቤት አይወራም፤ ሲወራም ለሳቅ ነው።

*

አሁን ቪዲዮው የማያሳየውን ልንገራችሁ።

የተነሣነው ሊስ ፌሪ ከሚባለው ቦታ ነው፤ በወንዙ አቆጣጠር ማይል ዜሮ። የወጣነው ዳይመንድ ክሪክ ላይ ነው፤ ማይል 226፣ ማለትም ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ። ወሩ ጁን ነበር። 16 ሰው፣ አምስት በአየር የሚነፉ ትልልቅ ጀልባዎች፣ ሁለት ካያክ። ከመነሣታችን በፊት የፓርኩ ሬንጀር መታወቂያችንንና ላይፍ ጃኬታችንን አንድ በአንድ አየ፤ የውሃ ማጣሪያውን፣ የሕክምና ሳጥኑን፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ቆጠረ።

አዎ፣ ሽንት ቤቱን። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከሰው የወጣ ደረቅ ነገር በሙሉ ተሸክማችሁት ትወጣላችሁ። ሽንት ወንዙ ውስጥ ነው፤ ሌላው በጥብቅ የሚዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ። ጀልበኞች ሣጥኑን "ግሩቨር" ይሉታል፤ ድሮ መቀመጫ ሳይኖረው በባዶ የጥይት ሣጥን ላይ ሲቀመጡበት ቂጥ ላይ ሁለት መስመር ስለሚያትም ነው። የ16 ሰው የ16 ቀን ሣጥን በ40 ዲግሪ ሙቀት ተሸክሞ ጀልባ ላይ ማሰር ተራ ነበረው። የእኔ ተራ አራት ጊዜ ደረሰ። ይህን የሚያሳይ ከበሮ የታጀበ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሳህን ደግሞ በአራት ባልዲ ነው የሚታጠበው፦ ማለቅለቂያ፣ በሳሙና ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ ሙቅ ውሃ፣ በመጨረሻ በረኪና ያለበት። አንዱን ባልዲ ከዘለላችሁ ሆድ ቁርጠት ጉዞውን በሙሉ ይይዘዋል፤ መውጫ መንገድ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ 16 ሰው በተቅማጥ ሲወድቅ የሚቀዝፍ የለም። ሳህን አጣቢ የቡድኑ ሐኪም ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጠዋት ስትነሡ ውሃው ሸሽቶ ጀልባው አሸዋ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ግሌን ካንየን ግድብ አለ፤ ከ1963 ጀምሮ ወንዙ የሚፈሰው በግድቡ ልክ ነው። ከተሞች መብራት ሲበዛባቸው ብዙ ይለቃል፣ ሲቀንስባቸው ይቀንሳል። ውሃው የሚለቀቀው ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለሆነ ይቀዘቅዛል። አየሩ ምጣድ፣ ውሃው በረዶ። ሸለቆው በረሃ ስለሆነ የሚገድለው ሙቀቱ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

*

በሁለተኛው ቀን ሀውስ ሮክ ደረስን። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተላተመ የሚያገነፍልበትን ቦታ ጀልበኞቹ ራፒድ ይሉታል። ራፒድ የሚሠራው ከጎን ባለ ገደል ውስጥ የሚመጣ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ቋጥኝ እየገፋ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ይከምራል። ክሪስታል የሚባለው አስፈሪ ራፒድ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በዲሴምበር 1966 በወረደ አንድ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ወንዙን "አውቀዋለሁ" የሚል ሰው ትናንት የነበረውን ማለቱ ነው።

ሀውስ ሮክ ላይ ውሃው ወደ ግራ ይገፋል፤ ግራው ላይ ደግሞ ትልልቆቹ ማዕበሎች አሉ። ቀዛፊያችን ወደ ቀኝ ለመውጣት ታገለ፤ ትንሽ ዘገየ። ጀልባው አልተገለበጠም። እኔ ብቻ ነኝ ከፊት የተወረወርኩት።

ስለ ቅዝቃዜው ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር ነው፤ ሳታስቡት ትተነፍሳላችሁ። አፍ በራሱ ይከፈታል። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። ከላይ አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ አየርም አይደል ውሃም አይደል። የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። "እግርሽን ወደ ፊት፣ ጣቶችሽን ወደ ላይ" ተብዬ ነበር። እኔ ግን ሁለት እጄን እያወናጨፍኩ "ማርያም! ማርያም!" ነበር የምለው፣ ያውም አፌ ሲገኝ። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ አወጣኝ። ከዚያ አንድ እጅ የጃኬቴን ትከሻ ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ ጀልባ ውስጥ ጣለኝ። እጁ ትናንት ማታ አብራኝ ሳህን ያጠበች፣ 60 ዓመት ያለፋት ጡረተኛ መምህርት ነበር። ውሃ አስታወከኝ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ከጀልባው መሐል አልተነሣሁም፤ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ወንዙን ስሰማ ልቤ ይመታ ነበር።

በጉዞው ላይ አንድ ልጅ ራስ ቁሩ ላይ ካሜራ ነበረው። ከተመለስን በኋላ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ሠራ። እኔ ስወድቅ አለ፤ ማስታወኬ የለም። ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብዬ መዳፌን አናቴ ላይ ሳደርግ አለ። ይህ የወንዝ ምልክት ነው፤ "ደህና ነኝ፣ ተዉኝ ቀጥሉ" ማለት ነው። ከሙዚቃው ጋር ሲታይ ግን የድል ጭፈራ ይመስላል።

ያንን ቪዲዮ እኔም ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት አድርጌ። ማን ፈሪ መባል ይፈልጋል?

*

የአክስቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከሱቅ ርካሽ የሚነፉ ጀልባዎች ገዝተው ከሁቨር ግድብ በታች ወዳለው ወንዝ ሄዱ። ያው ወንዝ ነው፤ ያው ከግድብ ሥር የሚወጣ ቀዝቃዛ ውሃ። ራፒድ የለውም፣ ለጥ ያለ ነው። ላይፍ ጃኬት አልያዙም፤ አንዳቸውም በደንብ አይዋኙም። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሣ፤ ቀላሏ ጀልባ እንደ ወረቀት ተገለበጠች። የአክስቴን ልጅ ያወጡት በሞተር ጀልባ ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር አሉ።

ለእናቱ አልነገራትም። ለእኔ የነገረኝ ከቆየ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ተቆጣሁት፤ "እንዴት ያለ ጃኬት ትገባለህ?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና "አንቺም እኮ ወድቀሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ" አለኝ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኛ ተረቱን ስንተርት ጥፋቱን በዶሮዋ ላይ እንጥላለን። ሲሉ የነበሩትስ? እኔ ነበርኩ ስል የነበርኩት።

"ቪዲዮ ብቻ ነው፣ አታካብጂ" የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ ይኼ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ አባቶቻችን ያወቁት ነገር ነበር። አሁን ውሃው ራሱ መሳቅ አያስፈልገውም፤ እኛ እንስቅለታለን።

*

የጀግና ወሬ አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ሸለቆ በጀልባ አቋረጠ ተብሎ ስሙ የተጻፈው ጆን ዌስሊ ፓውል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869። ከግድቡ በስተጀርባ ያለው ሐይቅ በስሙ ሌክ ፓውል ተብሏል። ፓውል በርስ በርስ ጦርነቱ፣ በሻይሎ ውጊያ፣ ቀኝ እጁን አጥቷል። በአንድ እጅ ደግሞ ሁለት መቅዘፊያ አይያዝም። ማን ቀዘፈለት? ሌሎቹ። 10 ሰዎች በአራት ጀልባ ተነሡ፤ በመጨረሻ ከሸለቆው በጀልባ የወጡት 6 ናቸው። ሦስቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው "ይህን ራፒድ አንወርድም" ብለው በእግራቸው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። ምግብ የሚሠራላቸው ሰው ቢሊ ሃውኪንስ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ መጨረሻው አካባቢ ስንቃቸው አልቆ የቀራቸው የሻገተ ዱቄት፣ ጥቂት የደረቀ ፖምና ብዙ ቡና ነበር። በዚያ ዱቄት ለስድስት ሳይሆን ለዘጠኝ ሰው ቂጣ የጋገረው ሰው ስሙ ሐይቅ ላይ የለም።

ወደ አገራችን ስትመጡም ያው ነው። እኛ አባይ በረሃ የምንለውን ሸለቆ ፈረንጆች "የአፍሪካ ግራንድ ካንየን" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ቡድን በጀልባ ወረደበት፤ አንድ አባላቸው ኢያን ማክላውድ በውሃ ተወሰደ። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከአባይ ምንጭ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በ114 ቀን ደረሱ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አልነፍጋቸውም። ግን አባይን በጀልባ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው የእነሱ ስም ብቻ ነው። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ ሠርቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀዝፍ የኖረ ገበሬ "ጀብደኛ" ተብሎ አያውቅም፤ ሥራ ነው ተባለ። እንግዲህ "ውሃና ጀልባ የኛ አይደለም" የሚለውን ተረብ ማን አስተማረን? የጀግናውን ወሬ ብቻ ሰምተን ራሳችንን ከታሪኩ አወጣን።

ግራንድ ካንየን ውስጥም ባለቤቶች አሉ። ሃቫሱ የሚባለው ሰማያዊ ጅረት ወንዙ ውስጥ የሚገባው ማይል 157 ላይ ነው፤ ከላይ የሃቫሱፓይ ሕዝብ ይኖራል። ቀድሞ የራሳቸው የነበረ 185,000 ኤከር መሬት የተመለሰላቸው በ1975 ነው። ከወንዙ የወጣንበት የዳይመንድ ክሪክ መንገድ የዋላፓይ ሕዝብ መሬት ነው፤ ለማለፍ ከፍለናል። "ማንም ያልረገጠው ምድር" የሚል ቪዲዮ ስታዩ እነዚህን ሰዎች አስታውሱ።

*

ሊባል የሚችለውን አውቃለሁ። አንድ ዘመዴ፣ ጋሼ የምለው የታክሲ ሾፌር፣ "ልጄ፣ 16 ቀን ሥራ ከቀረሁ ቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ የሁለት ዓመት ዕረፍቴን አጠራቅሜ ነው የሄድኩት። የጀልባ ኪራይ፣ ምግብና ፈቃድ ተካፍለን 1,400 ዶላር ያህል ደርሶብኛል። ለአገር ቤት ወጪ የሚልክ ሰው ይህን ገንዘብ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ እኔም ከእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር አስተያይቼው እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ነበር። ስለዚህ ሁሉም ይሂድ አልልም። የማይችል አይችልም፣ የማይፈልግም አይሂድ። የሦስት ቀን ጉዞ ያላቸው ሌሎች ወንዞች አሉ፤ የአንድ ቀንም አለ።

ግን "አልችልም" እና "የኔ አይደለም" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ኪሳችን ነው። ሁለተኛው ራሳችንን ማስወጣት ነው፤ ዋጋውም ከጉዞ በላይ ነው። በዚህ ወንዝ የሚኖረው ሕዝብ 40 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ሰባት ስቴቶችና ሜክሲኮ ይካፈሉታል። ወንዙ ደግሞ እየቀነሰ ነው። በ2022 ሌክ ሚድ በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረ ወዲህ አይቶት ወደማያውቀው ዝቅተኛ ደረጃ ወርዶ ነበር። ማን ስንት ይጠጣ፣ ግድቡ መቼ ይልቀቅ፣ የማን እርሻ ይድረቅ የሚለው ክርክር እየተካሄደ ያለው አሁን ነው። እዚያ ክርክር ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማው "ወንዜ" የሚሉ ሰዎች ናቸው። ስለ ወንዙ የሚያወራ ሰው ወንዙን የራሱ ያደርጋል። እኛ ደግሞ እየጠጣነው እንስቅበታለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ላስ ቬጋስ ድረስ ተከትሎን መጥቷል።

*

በ12ኛው ቀን ማታ፣ ከላቫ ፎልስ በላይ ሰፈርን። ላቫ ማይል 179 ላይ ነው፤ ጉዞው ሲጀመር ጀምሮ ሰው ስሙን በሹክሹክታ የሚጠራው ራፒድ ነው። ያን ቀን ከላስ ቬጋስ ያመጣሁትን ጥሬ ቡና በጋዝ ምድጃ ላይ በመጥበሻ ቆላሁ። ጀበና ይሰበራል ብዬ አልያዝኩም፤ በብረት ማንቆርቆሪያ አፈላሁት። "ሦስት ጊዜ ነው የሚጠጣው፣ አቋርጦ መሄድ የለም" አልኳቸው። ተቀመጡ።

አቦሉ ላይ ቀልድ ነበር። ቶናው ላይ ከሁላችንም በላይ ልምድ ያለው ቀዛፊ፣ ይህን ወንዝ ከ10 ጊዜ በላይ የወረደ ሰው፣ ነገ ሊቀዝፍ በማሰቡ ከትናንት ጀምሮ ምግብ እንዳልወረደለት ተናገረ። ላቫ ላይ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ፣ አንዴ ጓደኛውን ለረጅም ደቂቃ ፈልጎ እንዳጣው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ወንዝ እንዳልነካ ነገረን። ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ከዚያ እኔ ስለ ሀውስ ሮክ እውነቱን ተናገርኩ፤ ድንኳን ውስጥ እንዳለቀስኩ ጭምር። ባለ ካሜራው ልጅም ተናገረ፤ ካሜራውን ግን አላበራም። በረካው ላይ "ነገ በእግር መሄድ የሚፈልግ በዳር በኩል ይሂድ፣ ማንም አይጠይቀውም" ተባለ።

በማግስቱ ሁለት ሰው በእግር ሄደ። ከሁለቱ አንዷ እኔን ከውሃ ያወጣችኝ መምህርት ናት። ማንም አልሳቀባትም። እኔ በጀልባ ወረድኩ፤ ዓይኔን አንዴ ጨፍኜ፣ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ። ታች ስንደርስ እሷ የሚወረወረውን ገመድ ይዛ ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።

በ16 ቀን ውስጥ ከሁሉ የረባው ወሬ የዚያ ምሽቱ ነው፤ ደኅንነታችንም ያኔ ተወስኗል። የፈራ ሰው ታወቀ፣ ገመድ የሚይዝ ተመደበ፣ ቀዛፊው ሸክሙን አካፈለ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ሄዳችሁ ከመጣችሁ፣ ከወንዝም ይሁን ከተራራ፣ ሙሉውን አውሩ። የፈራችሁበትን፣ የከፈላችሁትን፣ ሳህኑን ማን እንዳጠበ፣ ማን በእግር እንደሄደ። በአማርኛ አውሩት፤ አክስቶቻችን ፊት፣ ቡና ላይ። ያልሄዳችሁ ደግሞ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ጃኬት ለብሰሽ ነበር?" ብትሉ እንኳ ይበቃል። እኔን ማንም ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ የአክስቴ ልጅ መልሱን ይሰማ ነበር።

ያንን ቪዲዮ አጥፍቼዋለሁ። አክስቴ የልጇን ነገር በመጨረሻ ሰማች፤ ለሦስት ቀን አላናገረችንም። አሁን ልጁ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የከተማው መዋኛ ዋና ይማራል። የምትወስደው እሷ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። እኔና እሱ ባለፈው ፌብሩዋሪ ለየብቻችን ዕጣ አስገባን። ሁለታችንም አልደረሰንም። ማመልከቻው 25 ዶላር ነው። ዘንድሮም እናስገባለን።